ዘግይቶ ለደረሰኝ የኖርዌይ ዜግነት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የዜግነት ማመልከቻዎች መርማሪ ክፍል ኃላፊ፣
በኖርዌይ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ስሟን በአደባባይ ላነሳት በማልፈልጋት ከተማ

ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ
ኦክቶበር 17 ቀን 1998

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በእንግዳ መቀበያው መስኮት ላይ ያለችው ያቺ አረንጓዴ ተክልም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ተክሏን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም፤ ለሁለት ዓመት ያህል በየወሩ እየመጣሁ ጉዳዬ የት እንደደረሰ ስጠይቅ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ወደፊት ስትራመድ ያየኋት ብቸኛ ነገር እሷ ስለነበረች ነው። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። ድካም ይሰማኛል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለብኝም። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ብሎኛል፤ እኔ ግን የሐኪሙን ቃል እያከበርኩ፣ የእርስዎንም ድርሻ መካድ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

በእርስዎ ቋንቋ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። የሥራ አለቃዬ የነበረችው ራንዲ ሰዋስዉን ታርምልኝ ስለነበር መልስ ያጣሁት በቋንቋ ስህተት አይመስለኝም። ይህን አሥራ ሁለተኛውን ግን በአማርኛ ጽፌ፣ እዚህ ኦክላንድና ሳን ሆዜ ያሉ ያገሬ ሰዎች በሚያነቧት ትንሽ መጽሔት ላይ ላወጣው ወሰንኩ። ሲደክመኝ የሚመጣልኝ ቋንቋ ይሄ ነው፤ ደግሞም አንድ ጊዜ እንኳ የጻፍኩት እንደሚነበብ እርግጠኛ መሆን አማረኝ።

በሴፕቴምበር የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ስላደረጉልኝ ነገር ሁሉ ሳላመሰግን ዝም ማለት ደግሞ ከጨዋ ሰው አይጠበቅም። በቁጥር የተቀመጠ ነገር እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ እንደምንም በቁጥር ላስቀምጠው እሞክራለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰባቱ ዓመታት።

የኖርዌይን ምድር የረገጥኩት በፌብሩዋሪ 1986፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ ከሱዳን የስደተኞች መጠለያ በመንግሥትዎ መልካም ፈቃድ ተመርጬ ነው። እዚህ ላይ ምንም ሽሙጥ የለኝም፤ ያኔ የተደረገልኝን እስከ ዛሬ በቀና አነሳዋለሁ። ዜጋ ለመሆን ሰባት ዓመት መኖር ያስፈልጋል ተባልኩና መኖር ጀመርኩ። ቋንቋችሁን ተማርኩ። በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሬ፣ በትምህርት ቤት የማይሰጠውን ያንን የዓሣ አጥማጆች አነጋገር ሳይቀር ለመድኩት። እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን አጠብኩ፣ አበላሁ፣ አበጠርኩ፤ የስምንቱን ዓይን የከደንኩት እኔ ነኝ። ራንዲ፣ «እኔ እዚህ ተወልጄ በዝናቡ አማርራለሁ፤ አንቺ ዝም ብለሽ ካፖርትሽን ትለብሻለሽ፤ ከሁለታችን የዚህ አገር ሰው ማን ነው?» ትለኝ ነበር። ጥያቄዋን ለእርስዎ ማስተላለፍ እንደነበረብኝ አሁን ገባኝ።

ሰባቱ ዓመት ሊሞላ አራት ወር ሲቀረው፣ በኦክቶበር 1992፣ የእህቴ ስልክ መጣ።

ሁለተኛ፣ ስለ መስኮት ቁጥር ሦስት።

ጥሩዬ ታናሼ ናት፤ ከእሷ ሌላ እህትም ወንድምም የለኝም። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ማዕድ ቤት እየሠራች፣ እድላዊት የምትባል የአሥር ዓመት ልጇን ብቻዋን ታሳድግ ነበር፤ የልጅቷ አባት እሷ ገና ሳትቆም በመኪና አደጋ ሞቷል። በስልኩ፣ «ሸዋዬ፣ ጡቴ ላይ የነበረው ነገር አጥንቴ ውስጥ ገብቷል አሉኝ። ነይልኝ» አለችኝ። ጥሩዬ ነይልኝ ብላኝ አታውቅም። ስትወልድም፣ ባሏ ሲሞትም አላለችኝም።

በማግስቱ ጠዋት መሥሪያ ቤትዎ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። በመስኮት ቁጥር ሦስት ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ፣ ፊቱ ገና ያልጠነከረ ወጣት ተቀምጧል። እህቴ መታመሟን ነግሬው፣ ሄጄ ባስታምማት ሰባቱ ዓመቴ ይቋረጥብኝ እንደሆነ ጠየቅሁት። ቋንቋችሁ አንቱታ የለውምና እንዲህ አለኝ፦ «የታመመ የቅርብ ዘመድ ለመርዳት ከሆነ ችግር የለም። ስድስት ወር እንዳታልፊ ብቻ።»

«በጽሑፍ ታደርግልኛለህ?» አልኩት። በሱዳን ያለፈ ሰው ጽሑፍ ይወዳል።

«ፋይልሽ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አትጨነቂ። ለእህትሽ ምሕረቱን ያውርድላት።»

እፊቴ ፋይሉን ከፈተና በእርሳስ አንድ ነገር ጫር ጫር አደረገ። ለቅንነቱ አሁንም አመሰግነዋለሁ። እርሳስ መሆኑን ልብ ያላልኩት እኔ ነኝ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀጠሮ።

በኦክቶበር 20 ኦክላንድ ገባሁ። ጥሩዬን በሩ ላይ ሳያት ልብሷ ሰፍቷት፣ አንገቷ ቀጥኖ፣ ዓይኗ ብቻ የድሮው ዓይን ነበር። ያን አምስት ወር እዚህ አልዘረዝርም፤ የሙያዬ ነገር ነውና እንዴት እንደሚያልቅ ከመጀመሪያው ሳምንት አውቄዋለሁ፤ የሌላውን እናት ማስታመምና የገዛ እህትን ማስታመም ግን አንድ ሙያ አይደሉም። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ወርቂቱ የምትባል ሴት ከባሏ ከጉዲና ጋር ትኖራለች፤ ጉዲና ሳን ሆዜ በአንድ የኮምፒውተር ፋብሪካ የሚሠራ፣ ሁለቱም በአማርኛ የሚያመልክ የወንጌላውያን ጉባኤ አባላት የሆኑ፣ እግዚአብሔር ልጅ ያልሰጣቸው ሰዎች ናቸው። እኔ ጥሩዬን ሐኪም ቤት ስወስድ ልጅቷን ከትምህርት ቤት የምታመጣት ወርቂቱ ነበረች።

ጥሩዬ በፌብሩዋሪ መጨረሻ በጠበቃ ፊት የልጇ አሳዳጊ እኔ እንድሆን ፈረመች። ብዕሩን ስታስቀምጥ፣ «ለማንም እንዳትተዪብኝ» አለችኝ። «አልተዋትም» አልኳት። ማርች 14፣ እሑድ ዕለት፣ አረፈች።

የእኔ የእንግዳ ቪዛ የስድስት ወር ነበር፤ ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ሊያልቅ ሦስት ቀን ብቻ ቀረው። የልጅቷን ጉዳይ የያዘችው የመንግሥት ሶሻል ወርከር ነገሩን በግልጽ አስረዳችኝ፦ የኖርዌይ ፓስፖርት ካለኝ ያለ ቪዛ ገብቼ መውጣት፣ የአሳዳጊነቱንም ጉዳይ ፈጽሜ ልጅቷን መውሰድ እችላለሁ፤ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ ግን ሁሉም ነገር ከባድ ነው። ሰባቱ ዓመት በፌብሩዋሪ ሞልቷል። ተመልሼ ማመልከቻ ማስገባት ብቻ ነው የቀረኝ። ወርቂቱ እስከዚያው ልጅቷን ልትይዝልኝ ተስማማች። ስለዚህ የእህቴ አርባ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው ትቼ ተነሳሁ።

ኤርፖርት ላይ እድላዊት መቼ እንደምመለስ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። «ገና ሳይመጣ» አልኳት። «ክሪስማስ?» አለች ለማረጋገጥ። «አዎ፣ ክሪስማስ።» በጣቷ ወራቱን ስትቆጥር እያየኋት ገባሁ። ስምንት።

አራተኛ፣ ስለ ጉዞ ሰነዴ አያያዝ።

በኤፕሪል 1993 ማመልከቻዬን ሳስገባ የጉዞ ሰነዴን ዋናውን አብሬ እንዳስገባ ጠየቁኝ፤ አስገባሁ። በአደራ ጥበቃ ረገድ መሥሪያ ቤትዎን የሚያክል አላየሁም፤ ለአሥራ አራት ወር ማንም ሳይነካው፣ ምናልባትም ማንም ሳያየው፣ በመሳቢያዎ ውስጥ ተኝቷል። በሜይ ስጠይቅ በምርመራ ላይ ነው ተባልኩ። በኦገስት ስጠይቅ በምርመራ ላይ ነው። በዲሴምበር ስመጣ ያቺ ተክል በቀይ ሪባን አጊጣ ነበር፤ ጉዳዬም በምርመራ ላይ ነበር። በየቅዳሜው ኦክላንድ እደውላለሁ። ገና አለፈ። ከገና በኋላ እድላዊት ስልክ ላይ «ሃይ» ትለኝና ለወርቂቱ ትሰጣታለች።

በጃንዋሪ 1994 ወርቂቱ መጦሪያ ቤቱ ድረስ ደወለች። «ሸዋዬ፣ አትደንግጪ። እድላዊት ትርፍ አንጀት ነው አሏት፤ አሁን ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው። ቤተሰብ ይፈርም እያሉኝ ነው፤ ምን ልበል?»

«አክስቷ ነኝ በይና ፈርሚ።»

«እሺ፣ እፈርማለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ» አለችና ዘጋችው።

የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ሮጥኩ። ሰማያዊ ሹራብ ያለው ወጣት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። በቦታው የነበረችው ሴት ጉዳዩን ካዳመጠችኝ በኋላ፣ ሰነዴን ማውጣት መብቴ እንደሆነ፣ ካወጣሁት ግን ማመልከቻዬ እንደተተወ ተቆጥሮ ከመጀመሪያ እንደሚጀምር ነገረችኝ። «ያለፈው ዘጠኝ ወርስ?» አልኳት። «አይታሰብም» አለችኝ። እዚያው መስኮት ፊት እንደቆምኩ አሰብኩ። ሰነዱ ቢሰጠኝም የአሜሪካ ቪዛ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስክደርስ ልጅቷ ትድናለች፤ ዘጠኙ ወር ግን ይጠፋል፤ መልሱ ደግሞ ምናልባት በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል። «ይቅር» አልኩና ወጣሁ።

ክቡር ሆይ፣ ይህን «ይቅር» በእርስዎ ላይ አልጽፍም። ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእኔ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካለው ሁሉ እሱ ብቻ ምንም ማሾፊያ አላገኘሁለትም።

እድላዊት ከሰመመኑ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው «ኢዝ ሺ ሂር?»፣ መጥታለች ወይ፣ ብላ ነው። ወርቂቱ «መንገድ ላይ ናት» አለቻት። በሕይወቷ ዋሽታ የማታውቅ ሴት በእኔና በእርስዎ ምክንያት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ዋሸች።

የውሳኔው ደብዳቤ በጁን መጣ። በአጭሩ፣ ከኦክቶበር 1992 እስከ ኤፕሪል 1993 ከአገር ውጭ ስለቆየሁ ኑሮዬ ተቋርጧል፤ ሰባቱ ዓመት ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል፤ በ2000 በኤፕሪል ወር ማመልከት እንደምችል በደስታ ይገልጹልኛል። በዚያው ዓመት በጁን እድላዊት አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። ሙሉ ሰው ከሆነች በኋላ ወስጄ እንዳሳድጋት ሁለት ወር እንኳ ለዝግጅት ስለተዉልኝ አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። ፈቃድ ሰጥቶኝ የሄደው ሠራተኛ የጻፈልኝ ነገር ፋይሌ ላይ እንዳለ በይግባኝ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ አልተገኘም አሉኝ፤ ይግባኙ ግን በምርመራ ላይ ነው። ከደብዳቤው ጋር የጉዞ ሰነዴ ተመለሰልኝ። ገልጬ ሳየው፣ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ቀኑ አልፎበታል።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። አምስተኛ ብዬ ልጀምር ብዬ ነበር፤ የሚቀጥለው ግን የእርስዎ ውለታ ስላልሆነ በእርስዎ ቁጥር ውስጥ ሊገባ አይገባም።

በዚያው በጁን ወር፣ እዚህ ኦክላንድ፣ በወርቂቱ ጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ከእሑድ አምልኮ በኋላ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ለዲቪ ሎተሪ ላገር ቤት ዘመዶቻቸው ይሞሉ ነበር። ያኔ የሚያስፈልገው ስምና የትውልድ ቀን የተጻፈበት አንድ ተራ ወረቀት ነው። እድላዊት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀድዳ፣ ወርቂቱን የእኔን የልደት ቀን ጠይቃ፣ ስሜን በትልልቅ ፊደል ጽፋ፣ የራሷን አድራሻ ከታች አድርጋ፣ ፖስታ ቤት ድረስ በእግሯ ሄዳ ላከችው። ለእኔ አልነገረችኝም። ወርቂቱ ለምን እንዳልነገረችኝ ስትጠይቃት፣ ካልደረሰኝ ደግሞ እንዳላዝን ብላ እንደሆነ በእንግሊዝኛ መለሰችላት።

ወጣልኝ። በአንድ አገር ሰባት ዓመት ሠርቼ፣ ቋንቋ ተምሬ፣ ስምንት ሰው ሸኝቼ ያላገኘሁትን፣ በሌላው አገር ከደብተር በተቀደደ ወረቀት አገኘሁት። እርስዎ ይህን የአሠራር ጉድለት ይሉታል። እኔም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሳስብ እቆይና፣ የልጅቷን የእጅ ጽሑፍ ሳስታውስ እተወዋለሁ።

በኦገስት 1995 ሳን ፍራንሲስኮ ኤርፖርት ስወርድ ወርቂቱ እያለቀሰች አቀፈችኝ። እድላዊት ከኋላዋ ቆማለች፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በቁመት በልጣኛለች። እጇን ዘረጋችልኝ። ልስማት ስጠጋ ጉንጯን ሰጠችኝና፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ «ዩ ሴድ ክሪስማስ» አለችኝ። ገና ብለሽኝ ነበር ማለቷ ነው። የትኛው ገና እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ሁለት ገና አልፏል።

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት የእርስዎን የውሳኔ ደብዳቤ፣ አንቀጹን፣ የፋይል ቁጥሩን፣ ሁሉንም በቃሌ አውቀው ነበር። አንዱንም ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መንገር አልቻልኩም። «ብዬሽ ነበር» አልኳት። «ይቅርታ።»

ከእኔ ጋር አልገባችም። ታች ያለውን የእናቷን አፓርትመንት ለመከራየት ችዬ ነበር፤ እሷ ግን ላይ ወርቂቱ ጋ መቆየት እንደምትፈልግ በጨዋነት ነገረችኝ። አላስገደድኳትም፤ ማንን አስገድጄ ነው? በየእሑዱ ላይ ወጥቼ፣ በወርቂቱ ሳሎን አስቀምጬ የልጅቷን ፀጉር እሠራላታለሁ፤ እሷ ቴሌቪዥን ታያለች፤ አንነጋገርም። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል የልጅቷን ጭንቅላት በእጄ መያዝ ተፈቅዶልኛል። ወርቂቱ ሆን ብላ ገበያ ትወጣለች። እንዲህ ሰባት ወር ሄደ።

አንድ የማርች ቀን ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ በሩ ተንኳኳ። እድላዊት ናት፤ በአንድ እጇ የትምህርት ቦርሳዋን፣ በሌላው ትራሷን ይዛለች። ዓይኔን ሳታይ፣ ላይ ያለው ቲቪ ስለተበላሸ ታች ልታድር እንደመጣች ነገረችኝ። ቲቪው ከጣሪያው በላይ ሲጮህ እሰማዋለሁ፤ ጉዲና ኳስ እያየ ነው። «መበላሸቱ ያሳዝናል» አልኳትና መንገድ ለቀቅሁላት። ወርቂቱ በማግስቱ የቀረውን ልብስ አጥፋ በከረጢት አወረደችው፤ ስለ ቲቪው ማናችንም አንስተን አናውቅም።

አሁን ወደ ሴፕቴምበሩ ደብዳቤዎ ልመለስ።

ይግባኜን፣ ከአራት ዓመት ከሁለት ወር በኋላ፣ እንደተቀበሉት አበሰሩኝ። መዛግብት ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወሩ ፋይሌ ተከፍቶ፣ በሁለተኛው ገጽ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ማስታወሻ ተገኝቷል፦ «የታመመች እህት፤ እስከ ስድስት ወር፤ ኑሮዋን አያቋርጥም» የሚል፣ ቀንና ፊርማ ያለበት። ስለዚህ በ1994 የተሰጠው ውሳኔ ስህተት ነበር፤ ሰባቱን ዓመት በፌብሩዋሪ 1993 በሕጋዊ መንገድ ሞልቼ ነበር፤ እንኳን ደስ አለዎት። ይሁን እንጂ አሁን የኖርዌይ ነዋሪ ስላልሆንኩ ዜግነቱ ሊሰጠኝ አይችልም። ተመልሼ ለመኖር ከፈለግሁ አዲስ ማመልከቻ ማቅረብ መብቴ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ! አራት መቶኛው ገጽ ላይ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ጎበዝ የሆነው ያ ወጣት ቃሉን ጠብቋል፤ እርሳሱም አልጠፋም፤ የጎደለው አንድ ገጽ የሚገልጥ ጣት ነበር። ደብዳቤውን ለሦስት ቀን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ወጥቼ ገባሁ። እናደዳለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር። የመጣልኝ እንቅልፍ ነው።

በሦስተኛው ቀን ወርቂቱ ወርዳ አነበብኩላት። ስጨርስ፣ «ታዲያ ያኔ ልክ ነበርሽ ማለት ነው?» አለችኝ። «ልክ ነበርኩ» አልኳት። «እስቲ ለልጅቷ ንገሪያት» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም፤ መስኮት ቁጥር ሦስትን፣ መሳቢያውን፣ በጃንዋሪ «ይቅር» ብዬ የወጣሁበትንም ጭምር። እስከዚያ ቀን እሱን ለማንም አልተናገርኩም ነበር። እድላዊት አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ እግሯን እያወዛወዘች ሰማችኝ። ጃንዋሪው ላይ ስደርስ እግሯ ቆመ። በአማርኛ፣ ቃሉን እየፈለገች፣ «እኔ ግን… አንቺ አልፈለግሽም ብዬ ነበር» አለች። እንዳልፈለግኋት አስባ ኖራለች ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ። ከመደርደሪያው ወርዳ መጣችና ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ስለረዘመች ጎንበስ ማለት ነበረባት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ደብዳቤዎ ጥቅም አልነበረውም አልልም። ለዚህ ለዚህ በ1994 ቢደርስ ኖሮ የተሻለ እንደነበር ግን ሳልሸሽግ እገልጻለሁ።

ተመልሼ እንድኖር ስላቀረቡልኝ ግብዣ፣ ይቅርታ ይደረግልኝ። እዚሁ ኦክላንድ አጠገብ ባለችው አልባኒ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ እሠራለሁ፤ ሌሎች እናቶችና አባቶች ይጠብቁኛል። እዚህም አገር ዜጋ ለመሆን ዓመት እየቆጠርኩ ነው፤ አምስት ነው፤ ሦስቱ አልፏል። ራንዲ ባለፈው ዓመት ጡረታ ስትወጣ ለግብዣው ጠርታኝ ነበር። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር። አልሄድኩም። ሕጉ እንደሚፈቅድ አንድ ጠበቃ ነግሮኛል፤ ሰነዱንም አሳይቶኛል፤ በቀለም የተጻፈ ነው። እኔ ግን ከእንግዲህ ከምኖርበት ቤት ለአንድ ሳምንት ለመውጣት ወኔ የለኝም። ይህንንም ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ስለሆነ፣ ስንብት ላይ ሳላነሳው ማለፍ ውለታ ቢስነት መስሎ ታየኝ።

ለአዲሱ ሕንፃ ብርሃኑ የበዛ፣ መሳቢያዎቹ ያልጠለቁ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ በመስኮት ቁጥር ሦስት የሚቀመጥ ማንኛውም ደግ ወጣት ብዕር እንዲሰጠው እየተማጸንኩ፣ ላደረጉልኝም ላላደረጉልኝም ሁሉ እጅ ነስቼ፣

የአገርዎ ዜጋ መሆን የሚገባት ሆና የተገኘች፣
ግን ያልሆነች፣

ሸዋረጋ ወልደ ሚካኤል

ማስታወሻ፦ ከደብዳቤዎ ጋር «አገሩን ለቅቀው ለሄዱ የቀድሞ ነዋሪዎች» የተዘጋጀ መጠይቅ ስላያያዙ፣ ተሞልቶ በዚሁ ፖስታ ይላክልዎታል። የሞላችው እድላዊት ናት፤ እኔ ጥያቄውን ተረጎምኩላት። አገሩን የለቀቁበት ዋና ምክንያት ምንድን ነው ለሚለው ጥያቄ ሥራ፣ ትምህርት፣ ጋብቻ፣ የአየር ጠባይ የሚሉ ሳጥኖች ተቀምጠዋል። እሷ «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገችና፣ «ያብራሩ» በሚለው ጠባብ መስመር ላይ ስሟን ጻፈች። ማብራሪያው በቂ አይደለም ብለው ተጨማሪ ማስረጃ ከመጠየቅዎ በፊት፣ ስልኩን የምታነሳው እሷ መሆኗን፣ እንደ እኔም ትሑት አለመሆኗን በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ።